ጅጅጋ የሚያደርስ ጎማ

ስለ ጎማ የማውቀው ነገር ቢኖር ክብ መሆኑን ነው። ዛሬ ይህን ሳላፍር እናገራለሁ። ያኔ ግን፣ ባጃጅ ገና ሐረርን ሳይወርራት፣ ከእኔ የተሻለ የጎማ አዋቂ አለ ያለኝን ሰው ዓመት ሙሉ አኮርፈው ነበር። የቆመ መኪና ካየሁ ጎማውን በጫማዬ ጫፍ ጠለዝ ሳላደርግ አላልፍም። ለምን እንደምጠልዘው አትጠይቁኝ፤ አባቴ ሲያደርግ አይቼ ነው። ጠለዝ አደርግና "እህም" እላለሁ። ባለመኪናው ደንገጥ ብሎ "ምነው፣ ችግር አለው እንዴ?" ሲለኝ "ለጊዜው ይሄዳል" እለዋለሁ። ከዚያ እሱን ከነሐሳቡ ትቼው መንገዴን እቀጥላለሁ።

አባቴ ሲሞት የተወልን ከሱ በዕድሜ ብዙም የማታንስ አንዲት የፈረንሳይ መኪና ናት። በዚያን ጊዜ የሐረር ታክሲ ሁሉ የሷ ቢጤ ስለነበር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፍጥነት ቀነስ ካደረግኩ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባና "ሸዋ በር" ይለኛል። እኔ ከረባት ያሰርኩ የመንግሥት ሠራተኛ! ታክሲ አይደለም ስል የሚያምነኝ አልነበረም። ባለቤቴ ደግሞ "ብታደርሳቸው ምን አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይመርቅህ ነበር" እያለች ትስቅብኛለች።

ቤታችን ወደ ሐኪም ጋራ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሊሾ ወለል ለስልሰው ስለነበር፣ ዝናብ ጠብ ካለ መኪናዋ ሽቅብ ትጀምርና ሐሳቧን ቀይራ ቁልቁል ትመለሳለች። ጎረቤት እየወጣ ይገፋል። እኔ መሪውን ይዤ በመስኮት "ቀስ! ቀስ! ወደ ግራ!" እያልኩ ትእዛዝ እሰጣለሁ። አንድ ቀን የሚገፋው ሰው ሁሉ ተስማምቶ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ። ወደ ኋላ ተንሸራትቼ የሰው አጥር ላይ ዐረፍኩ፤ የማንንም ስም አላነሳም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እንዲያም ሆኖ ጎማ መቀየር አስቤ አላውቅም። ያሳሰበኝ የአክስቴ ነገር ነው።

እናቴ አንዲት ታናሽ እህት አለቻት፤ ጅጅጋ ነው የምትኖረው። ድሮ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ አግብታ ሰልማ ሄደች። እናቴ በዚያ ተቀየመች፤ ቢሆንም መልእክት ይላላኩ ነበር። ነገሩ የተበጠሰው አያቴ ስታርፍ ነው። ለአክስቴ መርዶ መላክ የእናቴ ፈንታ ነበር። እናቴ ግን ዛሬ ነገ ስትል፣ ደህና መርዶ ነጋሪ ልፈልግ ስትል፣ ተዝካሩ ወጣ። አክስቴ የገዛ እናቷን ሞት የሰማችው ጅጅጋ ገበያ ላይ ሽንኩርት እየገዛች ነው። ከሐረር የመጣ አንድ ሰው የምታውቅ መስሎት "ነፍስ ይማር" አላት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እህቶች ለብዙ ዓመት አልተያዩም፣ አልተነጋገሩም። ጥፋቱ የእናቴ ነው፤ እናቴም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለ እህቷ ወሬ ሲነሳ ተነስታ ማድ ቤት የምትገባው ለዚህ ነበር።

አንድ ቀን፣ ጅጅጋ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ቤታችን መጣ። ዘመድ አይደለም፤ ግን ሁሉንም ቤት ያውቃል። ከአክስቴ መልእክት ይዟል። "ስኳሩ ዓይኔን እየጋረደው ነው። ሐኪሙም ወደፊት እየባሰ ነው የሚሄደው ብሎኛል። ሳይጨልምብኝ ፊቷን ልየው። እግሬ ስላበጠ እኔ መምጣት አልችልም፤ ለአላህ ብላ ትምጣ በልልኝ" ብላዋለች። ሰውየው ይህን ሲናገር እናቴ የምትለቅመውን ምስር አቆመች። ከዚያ ቀና ሳትል "እሄዳለሁ" አለች።

ደስ ብሎኝ ልዘል ነበር። ሚኒባስ እንይዛለን ስል ግን ፊቷ ተለወጠ። በሚኒባስ ተጠቅጥቄ ወገቤን አልሰብርም፣ በአባትህ መኪና እንደ ሰው ነው የምሄደው አለች። ወጣችና መኪናዋን ዞራ አየቻት። ጎማውን በዱላዋ ነካ አደረገችው። "በዚህ ነው ጅጅጋ የምትወስደኝ? መጀመሪያ ደህና ጎማ ፈልግ" ብላ ገባች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ቢሮ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጉዳዩን በርጫ ላይ ለጓደኞቼ አቀረብኩ። እኛ ሐረሮች ትልቅ ነገር የምንወስነው ጫት ላይ ነው፤ ትልቁ ስሕተታችንም እሱ ነው። መጀመሪያ ሁሉም "አቦ፣ ጎማ ጎማ ነው" አለ። ምርቃናው መጣ ሲል ግን የጎማ ሊቅ ያልሆነ ጠፋ። አንዱ የጃፓን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንዱ የሕንዱ ለኮረት መንገድ የተፈጠረ ነው ብሎ ወላሂውን ደረደረ። እኔ ደግሞ ላስቲክ ከዛፍ እንዴት እንደሚወጣ ትንታኔ ሰጠሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ወደ አመሻሹ የጎማ ፋብሪካ ሐረር ላይ ለማቋቋም ተስማምተን ቦታ ስንመርጥ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ዝም አለ፣ ተራ በተራ ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ጠዋት ስነሳ አንድም የወሰንነው ነገር ትዝ አላለኝም፤ ያ ሁሉ ክርክር አልፎ ስለ ጎማ መጠን እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ጎማ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። እሳቸው ጋ ሄጄ አንድ አዲስ የቻይና ጎማ እያንከባለልኩ ለእናቴ ማሳያ ወሰድኩ። እናቴ ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

"ይሄማ ጥሬ ነው" አለች።

ተመልሼ ለሐጂ ነገርኳቸው።

"ሱብሃነላህ! ጎማ ይበስላል እንዴ?" አሉኝ።

"ላስቲኩ ገና አልተቀመጠም ማለቷ ነው፣ ሐጂ" አልኩ እንደ ባለሙያ። ሐጂ ትክ ብለው አዩኝና "እናትህ ይህን ካሉ እንግዲህ ይሁን" ብለው ሌላ ሰጡኝ።

ሌላው ከዐረብ አገር የመጣ ያገለገለ ጎማ ነበር፤ ጥርሱ ያልተነካ፣ ጥሩ የሚባል። እናቴ የማን እንደሆነ በማላውቀው ጎማ አልሄድም አለች። ሰው ገድሎበት ቢሆንስ? እኔም አሰብኩበት፤ እውነትም ቢሆንስ! ከዚያ ታድሶ አዲስ ጥርስ የተለጠፈበት አመጣሁ፤ የተለጠፈ ነገር ይላጣል ተባልኩ። የጃፓኑን ሳመጣ ደግሞ ሰፊ ነው፣ አቧራ ያነሳል፣ እዚያ ስደርስ አቧራ ለብሼ ነው እህቴ ፊት የምቆመው? አለች። በያንዳንዱ ጊዜ አቀበቱን ጎማ እያንከባለልኩ እወጣለሁ፣ ጎማ እያንከባለልኩ እወርዳለሁ። አንዴማ አምልጦኝ ብቻውን ቁልቁል ተፈተለከና አንዲት ሴት ያሰጣችው በርበሬ ላይ ወጣ። ሴትየዋ የሰደበችኝን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ግማሹ በአደርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ስለነበር ሁሉንም አልያዝኩትም፣ የያዝኩት ግን ይበቃኛል።

በዚህ መሃል ክረምቱ ገባ። ጨርቅ ነጋዴው ወደ ጅጅጋ በሄደ ቁጥር ብቅ ይልና "ምን ልበላት?" ይለኛል። እኔም ኮስተር ብዬ "ጎማ እየመረጥን ነው በላት" እለዋለሁ። ነገሩ የቀልድ እንዳይመስለው መኪናዋ ድረስ ወስጄ፣ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቤለት፣ እስኪሸመድደው አስደገምኩት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ደገመልኝ።

"የሷስ ዓይን እንዴት ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"አሁን ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው። ፊት ለፊት ከቀረብካት ግን ትንሽ ትንሽ ይታያታል፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ።

ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት። ያን ቀን ያመጣሁትን ጎማ ሳትነካው "ሽታው ራሴን አመመኝ" ብላ መለሰችው። ሐጂ ጋ ስመለስ የጎማ ሽታ የሚያጠፋ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ሕንዱና ስለ ጃፓኑ ልዩነት እያስረዳኋት።

"አንተ ሰውዬ፣ እናትህ የፈራችው ጎማ አይደለም" አለችኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እህቷን ነዋ! መርዶ ሳትልክባት ቀርታ፣ ምን ብላ ፊቷን ትየው? ከወርቅ የተሠራ ጎማ ብታመጣ ትመልሰዋለች። ይህን ከሐኪም ጋራ እስከ ጊደር መጋላ የማያውቅ የለም፤ አንተ ብቻ!"

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው እንደሚያደርገው ረጅም ጊዜ አሰብኩ። በመጨረሻ "ቢሆንም የጃፓኑ ይሻላታል" አልኩ። እርጥቡን ፎጣ ፊቴ ላይ ወረወረችው፤ ደግ አደረገች።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት፣ የኛን የመሰለች መኪና አቀበቱን እያጓራች መጥታ ደጃፋችን ቆመች። እስከ በሩ ድረስ በጭቃ ተለውሳለች። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና የሶማሌ ድሪያ ቀሚስ የለበሰች፣ ሻርፕ የተከናነበች ወፍራም ሴት እጇን ይዞ አወረደ። እግሮቿ አብጠው ከነጠላ ጫማው ተርፈዋል። ያረጀች ብትሆንም አፍንጫዋ የእናቴ አፍንጫ ነው። አክስቴ!

ሮጬ አቀፍኳት። ፊቴን በመዳፏ ዳበሰችና "ጎማ መራጩ አንተ ነህ?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። አልተነሳችም። መነሳት ያቃታት ይመስለኛል። አክስቴ ወደ በረንዳው ፊቷን አዞረች፤ የምታየው ጥላ ብቻ እንደሆነ ከአቋሟ ያስታውቃል።

"ጎማ አጥታ ነው አሉኝ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ጅጅጋ ጎማ ሞልቷል። አራቱንም አምጥቼልሻለሁ። ተነሺና እይው።"

እዚህ ላይ የአገራችንን ጥበብ ላስረዳ። አዲስ ጎማ ጭኖ ከጅጅጋ የሚመጣ ሰው ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ተብሎ ይወረሳል። መኪናው ላይ የተገጠመ ጎማ ግን የመኪናው ነው። ስለዚህ ብልጡ ያለቀ ጎማ አስሮ ይሄዳል፣ አዲሱን ገጥሞ፣ ጭቃ ቀብቶ ይመለሳል። አክስቴም ጨርቅ ነጋዴው የሸመደደላትን መጠን ይዛ አራት ጎማ ገዛች፤ የኛን የመሰለች መኪና ተከራየችና አስገጠመቻቸው። ሾፌሩ ጎማውን ከኛ ጋር ተለዋውጦ በአሮጌው ሊመለስ ተስማምቷል። ኬላው ላይ ግን ፈታሹ ጭቃውን በጣቱ ፋቅ አድርጎ "ይሄ አዲስ ነው" አለ። ሾፌሩ አላዋቂ ሊመስል ሲሞክር አክስቴ ከኋላ "አዎ፣ አዲስ ነው!" አለች።

"ወላሂ አልዋሽህም ልጄ፣ የእህቴ ጎማ ነው" አለችው። "ጎማ አጥታ ነው እስካሁን እኔ ጋ ሳትመጣ የቀረችው። ከወሰድክብኝ እኔንም እዚሁ አስቀምጠኝ።" ፈታሹ ሾፌሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ገመዱን አወረደላቸው።

ይህን የነገረን ሾፌሩ ነው፤ በረንዳው ሥር ቆሞ፣ እናቴ እየሰማች። "ጎማ አጥታ ነው" የሚለው ጋ ሲደርስ እናቴ በእጇ ዱላዋን መፈለግ ጀመረች። እህቷ ማመኻኛዋን ተቀብላ፣ ኬላ ላይ በአላህ ስም ምላበት መጥታለች።

እናቴ ዱላዋን ይዛ ተነሳች። እህቷን አልፋ ቀጥታ ከጅጅጋ ወደመጣችው መኪና ሄደች። ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ እንደ ልማዷ። ይህንንም ጥሬ ነው ካለች አለቀልን! እሷ ግን እዚያው ጎማው ላይ ተደፍታ፣ ጭቃውን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "እናታችንን ሳልነግርሽ! እናታችንን ሳልነግርሽ!" እያለች። አክስቴ ድምፅዋን ተከትላ፣ መኪናዋን እየዳበሰች ደረሰችባት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም፤ ክሪክ ፈልጌ ነው ብዬ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ስመለስ ሾፌሩ የኛን መኪና ብሎን መፍታት ጀምሯል። እኔ እያለሁ እንግዳ አይለፋም ብዬ መፍቻውን ነጠቅኩትና ትከሻዬ እስኪዝል ታገልኩ። ሾፌሩ ለጥቂት ጊዜ አየኝና በትሕትና "ጋሼ፣ እየፈቱት ነው ወይስ እያሰሩት?" አለኝ። እያሰርኩት ነበር። ከዚያ ወዲያ የተሰጠኝ ሥራ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ድንጋይ ማቀበል ነው።

እናቴ በዚያን ቀን ያደረገችውን አልረሳውም። አንድ ዶሮ አስይዛ ሙስሊም ጎረቤታችንን አስጠራችና እንዲያርዱላት ለመነች። ራሷ ሠርታ፣ ራሷ አቅርባ፣ ለእህቷ አጎረሰቻት። ሙስሊም ያረደውን እሷ ራሷ ልትቀምስ ስለማትችል ሽሮዋን ይዛ ጎኗ ተቀምጣ፣ እህቷ አጥንቱን በጣቷ እየለየች ስትበላ ታያት ነበር።

ሳይመሽብኝ ልሂድ ብሎ ሾፌሩ ተነሳ። አክስቴም ሻርፗን ፈለገች። ይህን ጊዜ እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"በዚያ ባለቀ ጎማ? እህቴን? አይሆንም!" አለች። ሾፌሩ ብቻውን ሄደ። አክስቴ ክረምቱ እስኪወጣ እኛ ጋ ቆየች። ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሙታንን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያነሱ ይውላሉ። እናቴ ዓይኗ ፊት ስትቀርብላት አክስቴ ትስቅና "ይበቃል፣ ጥላሽ ይታየኛል" ትላታለች። የቀረውን የእናቴን ፊት በእጇ ነበር የምትፈልገው።

መስከረም ላይ በአዲሶቹ ጎማዎች ሁለቱንም ይዤ ጅጅጋ ሄድኩ። ሰንብተን አክስቴን ተሰናብተን ስንወጣ ያ ሾፌር መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ያጥባል። እናቴ ልትገባ ስትል ቆም አለች።

"ያ የኛ ጎማ አይደለም?" አለችኝ።

"እሱ ነው።"

"እስካሁን ይሄዳል?"

ሾፌሩ ሰምቷት፣ ደስ ብሎት "ኧረ እማማ፣ እርስዎ የናቁት ጎማ ጎዴ ድረስ ወስዶ መልሶኛል!" አላት።

እናቴ በሩን ከፍታ ገባች። ከከተማው ወጣን፣ ፋፈንን አለፍን። እኔ ስለ አዲሶቹ ጎማዎች የመንገድ አያያዝ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ፤ አልሰማችኝም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት ሸለቆ ውስጥ ስንገባ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ያኔ ያደርሰን ነበር ማለት ነው። ክረምቱ ሳይገባ። ያኔ እኮ ፊቴን ታየው ነበር።"

ሊሾ ይሁን፣ ላስቲክ ይሁን፣ ስለ ጎማ እርግጠኛ ሆኜ የማውቀው አንድ ነገር በዚያች ሰዓት ነበረኝ፤ ያደርሰን ነበር።

"አያደርሰንም ነበር፣ እማዬ" አልኳት። "እሱ እኮ ባዶውን ስለሚነዳ ነው። ሰው ሲጫንበት ሌላ ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ይፈነዳብን ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ስለ ጎማ ለኔ ነው የምትነግሪኝ?"

ፊቷን ወደኔ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"እሱስ፣ አንተ ታውቃለህ" አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።